የአንድ ዓይናው ቅርፊት፦ ከሳፋ እስከ መለያ ወረቀት

ሰኞ ማታ

ቅርፊቱ በሰላም ደረሰ። የፈረስ ኮቴ ሸርጣን ነው፤ የመጣውም ከአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ፣ ከደላዌር ባሕረ ሰላጤ። እንስሳው ራሱ የለም። ሲያድግ ቅርፊቱ ጠበበው፣ አውልቆት ሄደ፣ ማዕበሉ ደግሞ ዳርቻው ላይ ጣለው። ስፋቱ ከመዳፌ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ስለዚህ ገና ያልጎረመሰ ነበር ማለት ነው።

የሬሳ ቅርፊት ነው ወይስ የወለቀ የሚለውን ለማወቅ ግንባሩን ማየት ይበቃል። የፊተኛው ጠርዝ ዙሪያውን ተሰንጥቋል። እውነተኛ ሸርጣን ቅርፊት ሲቀይር በኋላው በኩል ነው የሚወጣው። ይኼኛው ወደፊት ተራምዶ ነው የሚወጣው። ስንጥቁን በጥፍሬ ትንሽ ከፈት ሳደርገው ውስጡ ባዶ ነው፤ አሸዋ ብቻ። ሥጋ የለ፣ ሽታ የለ ማለት ይቻላል።

የማስበው ሥራ ቀላል ነው። አጸዳዋለሁ፣ እግሮቹን ዘርግቼ አደርቀዋለሁ፣ ጣውላ ላይ እተክለዋለሁ። ከሥሩ በወጉ የተጻፈ መለያ ወረቀት ይለጠፋል። ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ስም ሊሙሉስ ፖሊፌሙስ ነው። ጣጣው ያለው እዚህ ስም ውስጥ ነው፤ ፖሊፌሙስ የአንድ ዓይናው ግዙፍ ስም ነው፣ እንስሳው ግን ባለ ብዙ ዓይን ነው። ለዚህም ነው ማስታወሻ መያዝ የጀመርኩት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማክሰኞ

ሳፋ፣ ለብ ያለ ውኃ፣ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና። ደረቅ ቅርፊት ሲነኩት ይሰበራል፤ እግር ለማቃናት የሚሞክር ሰው ቁርጥራጭ ይዞ ይቀራል። ሲርስ ግን እሺ ይላል። ጠዋት ዘፍዝፌው ሄድኩ፣ ማታ መገጣጠሚያዎቹ ያለ ግግም ይታጠፉ ነበር።

በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጀርባውን አሸት አሸት አደረግኩት። ቀለሙ ካሰብኩት በላይ ፈካ ያለ ነው፤ ማር የመሰለ ቡናማ፣ ጠርዙ ላይ ብርሃን ያሳልፋል። ከዚያ ገለበጥኩት። እዚህ ላይ ብሩሹን አስቀምጬ ወረንጦ አነሳሁ።

ከሆዱ በኩል ያለው ነገር ብዙ ነው። ከፊት አንድ ጥንድ ትንንሽ መቆንጠጫ፣ ቀጥሎ አምስት ጥንድ መራመጃ እግር። አፉ እግሮቹ መሀል ነው ያለው። መንጋጋ የለውም። የእያንዳንዱ እግር ጭን፣ ወደ አፉ የዞረው ክፍል፣ በእሾህ የተሞላ ነው፤ እንስሳው ሲራመድ ጭኖቹ እርስ በርስ እየተፋተጉ ምግቡን ይፈጩለታል። አሸዋው የተሰገሰገው በእነዚህ እሾሆች መሀል ስለነበር አንድ በአንድ ማውጣት ነበረብኝ። ይህ እንስሳ የሚመደብበት ክፍል ሜሮስቶማታ ይባላል። ግሪክኛ ነው፤ ሜሮስ ጭን፣ ስቶማ አፍ። ወረንጦ ይዞ ለተቀመጠ ሰው እውነተኛ ስም ነው። ስም አውጪው ገልብጦ አይቷል።

የመጨረሻው ጥንድ እግር ከሌሎቹ ይለያል። ጫፉ መቆንጠጫ ሳይሆን ቅጠል ቅጠል የሚመስሉ ዘርጋ ያሉ ነገሮች አሉት። ጭቃና አሸዋ ላይ እንዳይሰምጥ፣ ገፍቶም እንዲሄድ የሚረዳው ይህ ነው።

ወንድ ይሁን ሴት ከእግሩ መለየት አልተቻለም። ወንዱ ሴቷን የሚይዝበት ወፈር ያለ ጥፍር ያወጣል፤ ያ የሚሆነው ግን በመጨረሻው የቅርፊት ቅየራ ነው። ለአቅመ መውለድ እስኪደርስ ወደ 10 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። እስከዚያ 16 ወይም 17 ጊዜ ያህል ቅርፊት ያወልቃል። የእኔው ከመሀከለኞቹ አንዱ ነው።

ከእግሮቹ በስተኋላ የሚተነፍስባቸው ስንጥቦች አሉ፤ ገጽ በገጽ የተደራረቡ ናቸው። ቅርፊት ሲቀይር የእነዚህንም ሽፋን ያወልቃል። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሱ ናቸው። በእጅ አይነኩም። ውኃ ውስጥ ራሳቸው ሲንሳፈፉ ጠብቄ፣ ከሥራቸው ወረቀት አስገብቼ ቀስ ብዬ አወጣኋቸው።

ረቡዕ

የዛሬው ሥራ ጭራው ነው። ረጅም፣ ሹል፣ ቢቆርጡት ሦስት ማዕዘን የሚወጣው። ሰው ሲያየው መርዝ ይመስለዋል። መርዝ የለውም፣ አይናደፍም። ማዕበል ሲገለብጠው ጭራውን አሸዋ ላይ ተክሎ ራሱን ለማቃናት ነው የሚጠቀምበት። መጋጠሚያው ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይዞራል፤ ስለዚህም ስትደርቅ መጀመሪያ የምትላቀቀው እሷ ናት። ኮላ በውኃ አቅጥኜ በቀጭን ብሩሽ ዙሪያዋን ቀባሁ። በቀጭን ሽቦ ደገፍኳት።

ጭራውም የራሱን ስም አስገኝቷል። ነገዱ ዚፎሱራ ይባላል፤ ዚፎስ ሰይፍ፣ ኡራ ጭራ። ባለ ሰይፍ ጭራ። ይኼም ያየ ሰው ያወጣው ስም ነው። እስያ ውስጥ ካሉት ሦስት ዘመዶቹ የአንደኛው ስም ደግሞ ካርሲኖስኮርፒየስ ሮቱንዲካውዳ ነው። ሸርጣን፣ ጊንጥ፣ ክብ ጭራ፤ ሁሉም በአንድ ስም ታጭቋል። የእሱ ጭራ ሲቆረጥ ክብ ነው የሚወጣው። እዚያው እስያ ያለው ታኪፕሌውስ ትሪደንታቱስም ባለ ሦስት ጥርስ ማለት ነው፤ ከጭራው በላይ ሦስት እሾህ ስላለው። ነገሩ እንዲህ ነው። የቤተ ዘመዱ ስም ሁሉ አንድ የሚታይ ነገር ይጠቁማል። የእኔው ነው ችግር ያለበት።

እግረ መንገዴን አንድ የቆየ ነገር ላስገባ። እንግሊዛዊው ቶማስ ሃሪዮት በ1585 እና 1586 በአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ ባለችው በሮአኖክ ደሴት ከሰፈሩት እንግሊዛውያን ጋር ነበር። በ1588 ባሳተመው ዘገባ ይህን እንስሳ አንስቶታል። የአገሬው ሰዎች ሲካናውክ እንደሚሉት ጽፏል። ስፋቱ አንድ ጫማ ያህል፣ ጭራው ጠንካራ፣ እግሩ እንደ ሸርጣን ብዙ፣ ዓይኖቹም ጀርባው ላይ እንደሆኑ ይናገራል። ዘገባው በ1590 ከሥዕል ጋር ሲታተም ደግሞ የአገሬው ሰዎች ሸርጣን መሳይ የባሕር ፍጥረትን ባዶ ጭራ ከሸንበቆ ጫፍ አስረው ዓሣ እንደሚወጉበት ተጽፏል። ጭራዋን በጣቴ ሞክሬያታለሁ፤ የተጣለ ቅርፊት ሆና እንኳ ትዋጋለች።

ልብ በሉልኝ፤ ሃሪዮት «ዓይኖቹ» ነው ያለው። ከአንድ በላይ።

ሐሙስ ማታ

ዛሬ ዓይን ብቻ ነው ያየሁት። ማየት ስል በአጉሊ መነጽርና በስልኬ ባትሪ ነው።

ሁለቱ ትልልቅ ዓይኖች ከጀርባው ግራና ቀኝ፣ ከእሾሃማው ሸንተረር በታች ተቀምጠዋል። ቅርጻቸው ባቄላ ነገር ነው። ፊት ለፊት አይመለከቱም፤ ወደ ጎን ነው የዞሩት። የወለቀ ቅርፊት ላይ ዓይኑ ጥርት ያለ መስኮት ሆኖ ይቀራል፤ ምክንያቱም የላይኛው ሽፋንና ሌንሱ የቅርፊቱ አካል ናቸው። እንስሳው ቅርፊቱን ሲያወልቅ ሌንሶቹንም አብሮ ያወልቃል፣ አዲስ ይዞ ይወጣል።

ከውጭ ሲዳሰስ ለስላሳ ነው። ቅርፊቱን ገልብጬ ከውስጥ በአጉሊ መነጽር ሳየው ግን ሌላ ዓለም ነው። በጣም ጥቃቅን ሾጣጣዎች ወደ ውስጥ ተሾለው፣ ጎን ለጎን ተደርድረዋል። እያንዳንዷ ሾጣጣ የአንዲት ትንሽ ዓይን ሌንስ ናት። በአዋቂው እንስሳ በእያንዳንዱ ጎን 1000 ያህል ይሆናሉ። የስልኬን ባትሪ ከውጭ አብርቼ ከውስጥ ሳይ፣ የሾጣጣዎቹ ጫፍ ጫፉ ብቻ ብርሃን ይዞ ቀረ፣ መሀል ያለው ሁሉ ጨለማ። መብራቱን ትንሽ ወደ ጎን ሳዞረው የበሩት ጠፍተው ሌሎቹ በሩ። ይህን እያበራሁ እያጠፋሁ ስጫወት ነው ያመሸሁት፤ ሥራ አልተሠራም።

ኦስትሪያዊው ሲግመንድ ኤክስነር በ1891 ባሳተመው ሥራ እነዚህ ሾጣጣዎች ብርሃን የሚሰበስቡት በጎበጠ ገጽታቸው ብቻ አለመሆኑን አስረድቷል። የሚሠሩበት ነገር መሀል ላይ ጥቅጥቅ ያለ፣ ወደ ዳር እየሳሳ የሚሄድ ስለሆነ ብርሃኑ ወደ መሀል ይታጠፋል። በኋላ አሜሪካዊው ኬፈር ሃርትላይን ከዚሁ እንስሳ ዓይን የሚወጡትን ነርቮች አንድ በአንድ ለይቶ የሚያስተላልፉትን ምልክት መዘገበ። አንዷ ትንሽ ዓይን ብርሃን ሲያርፍባት ጎረቤቶቿን ዝም እንደምታሰኝ አገኘ። የነገሮች ጠርዝ ጎልቶ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። በ1967 ከራግናር ግራኒትና ከጆርጅ ዋልድ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ሽልማቱ የተገኘው እንግዲህ «አንድ ዓይና» ተብሎ ከተሰየመ እንስሳ ዓይኖች ነው።

ዓይኖቹ ማታ ማታ ስሜታቸው እስከ 1 ሚሊዮን እጥፍ ይጨምራል፤ ይህን የሚያዘው አንጎሉ ውስጥ ያለው የሰዓት ሥርዓት ነው። የሚጋቡት በአብዛኛው ሌሊት፣ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና ስትወለድ፣ ባሕሩ ሞልቶ ዳርቻውን ሲያለብስ ነው። ሮበርት ባርሎውና ባልደረቦቹ የሴት ቅርጽ በሲሚንቶ ሠርተው ዳርቻው ላይ አስቀመጡ፤ ወንዶቹ ወደ ሲሚንቶው መጡ። ምስኪኖች። ግን ማየታቸው ተረጋገጠ።

የቀሩትን ዓይኖች ፍለጋ ወደ ግንባሩ ሄድኩ። በመሀለኛው ሸንተረር ጫፍ፣ ከአንዲት ትንሽ እሾህ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ነጠብጣቦች አሉ። እነዚህ ቀላል ዓይኖች ናቸው፤ ከሚታየው ብርሃን ሌላ አልትራቫዮሌትም ይለያሉ። በጣም ተቀራርበዋል። ከክንድ ርቀት ላይ ሆኖ የሚያይ ሰው አንድ ነጥብ ነው የሚመስለው። ይህን መዝግቤያለሁ፤ ነገ ያስፈልገኛል።

ሌሎቹ ከቅርፊቱ ሥር ያሉ ስለሆኑ የወለቀው ላይ አይገኙም። ከሁለቱ ነጠብጣቦች ሥር አንድ አለ። ከትልልቆቹ ጎን ሁለት ያልዳበሩ አሉ። ከሆዱ በኩል፣ ከአፉ ፊት ለፊት ሁለት አሉ። ጭራው ላይ ደግሞ ብርሃን የሚለዩ ሕዋሳት ተደርድረዋል፤ ቀንና ሌሊትን ለመለየት ያግዙታል። የጭራውን እንደ አንድ ከቆጠርን አሥር ይመጣል።

ዓርብ

እንግዲህ ወደ ስሙ።

ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ በ1758 የታተመው፣ ፍጥረታትን የመደበበት መጽሐፉ የ«ሲስቴማ ናቱሬ» 10ኛ እትም ላይ ይህን እንስሳ ሞኖኩሉስ ፖሊፌሙስ ብሎ አሰፈረው። ሞኖኩሉስ ባለ አንድ ዓይን ነው። ፖሊፌሙስ ደግሞ የሆሜር ግጥም ውስጥ ያለው፣ ግንባሩ ላይ አንድ ዓይን ብቻ ያለው ግዙፍ፣ የባሕር አምላክ የፖሲዶን ልጅ። ኦዲሲዩስ በጋለ እንጨት ዓይኑን ያጠፋበት። ስለዚህ የመጀመሪያው ሙሉ ስም አንድ ዓይናው አንድ ዓይና ነው። አንድ ጊዜ መሳሳት አልበቃ ብሎ ተደገመ።

ምን ነካው ብሎ ከመሳቅ በፊት ግን ሞኖኩሉስ የሚለው ከረጢት ውስጥ ማን ማን እንደነበር ማየት ይገባል። የውኃ ቁንጫ አለ። የኩሬ ውኃ ውስጥ የሚዘልሉ፣ በዓይን የሚታዩትም በግድ የሆኑ ፍጥረታት አሉ። እነዚህ በእርግጥ አንድ ዓይን አላቸው። ሊኒየስ እነሱን ሰብስቦ ሲያበቃ፣ ቅርፊቱ ስለተመሳሰለበት ይመስላል፣ ይህንንም ጨመረው። በእኔ ግምት ፖሊፌሙስ የተባለው በዓይኑ ብቻ አይደለም፤ በግዝፈቱም ጭምር ነው። አዋቂዋ ሴት ከነጭራዋ እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትደርሳለች። በውኃ ቁንጫ መሀል ሲያስቀምጡት ግዙፍ የማይባልበት ምክንያት የለም። ሁለቱ የግንባር ነጠብጣቦችም ተቀራርበው አንድ ስለሚመስሉ ነገሩን ሳያመቻቹት አልቀሩም። ትልልቆቹን ሁለት ዓይኖች ማለፍ ግን ይከብዳል። ሃሪዮት ከ170 ዓመት በፊት አይቷቸዋል።

ከረጢቱን የበተነው ዴንማርካዊው ኦቶ ፍሬደሪክ ሙለር ነው። መጽሐፉ የወጣው በ1785 ነው፤ እሱ ራሱ ግን በ1784 መጨረሻ ሞቷል። የውኃ ቁንጫዋን ዳፍንያ አላት። ሌሎቹን ሳይክሎፕስ፣ ሌሎቹን ፖሊፌሙስ ብሎ አዲስ ወገን (ተቀራራቢ ዝርያዎችን የሚያቅፍ ምድብ) አደረጋቸው። አዎ፣ እስከ ዛሬ ፖሊፌሙስ የሚባል የውኃ ቁንጫ ወገን አለ፤ እሱ በእውነት አንድ ትልቅ ዓይን ነው ያለው። የእኛን እንስሳ ሊሙሉስ አለው። ላቲን ነው፤ ሊሙስ ማለት ሰያፍ፣ በጎሪጥ የሚያይ ማለት ሲሆን ሊሙሉስ በትንሹ ጎሪጥ ነው። ትናንት ማታ ያን ዓይን ከውስጥ ሳየው ላመሸሁት ለእኔ ትክክለኛው ስም ይኼ ነው። ወደ ጎን የዞሩ ሁለት ዓይኖች ከጀርባው ላይ ሰረቅ አድርገው የሚያዩ።

ችግሩ ሁለተኛው ቃል ሳይለወጥ መቅረቱ ነው። ሙለር የመጀመሪያውን ቃል፣ የወገኑን ስም፣ ቀየረ፤ ሊኒየስ የሰጠው የዝርያ ስም ግን አብሮ ተሻገረ። ስለዚህ አሁን ያለው ስም በጎሪጥ የሚያየው አንድ ዓይና ሆነ። የእንስሳት ስያሜ ሕግ የሚቆጥረው ከዚያው ከ1758ቱ እትም ነው፤ ቀድሞ የተሰጠ ስም ይጸናል። ስሙ አይመጥንም፣ ውሸት ነው ተብሎ አይሰረዝም። መጀመሪያ ሳነበው ግትርነት መስሎኝ ነበር። ግን እያንዳንዱ አዲስ ግኝት ስም የሚያስቀይር ቢሆን የድሮ መጽሐፍ ገልጦ አንድ እንስሳ ማግኘት አይቻልም ነበር። ይሁን።

ቅዳሜ

እግሮቹን ፎም ላይ ዘረጋኋቸው። ስፒሉ ቅርፊቱን አይወጋም፤ ከእግሩ ግራና ቀኝ ተሻግሮ ፎሙ ላይ ይተከላልና እግሩን ይይዘዋል። ከእግር ይልቅ ያስቸገሩት የሆዱ ጠርዝ ላይ ያሉት ተንቀሳቃሽ እሾሆች ናቸው፤ በግራና በቀኝ ስድስት ስድስት ናቸው፣ ሲደርቁ ወደ ውስጥ ይሸሻሉ። ለእነሱ የወረቀት ቁራጭ ጠቅልዬ ደገፍኩ። ጥላ ያለበት ቦታ አስቀመጥኩት፤ ፀሐይ ላይ ቢሆን ይጣመማል።

እየደረቀ የመለያ ወረቀቱን ረቂቅ ያዝኩ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ የመጀመሪያው ቃል በትልቅ ፊደል ይጀምራል፣ ሁለተኛው በትንሽ፣ ሁለቱም በሰያፍ። በእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለም፤ ከአንድ ጣጣ ተገላግለናል። ቀጥሎ ስም አውጪውና ዓመቱ ይመጣሉ፤ ሊኒየስ፣ 1758። እዚህ ላይ ቅንፍ የግድ ነው። ቅንፉ ጌጥ አይደለም። «ዝርያውን የሰየመው ይህ ሰው ነው፣ ያኔ ያስቀመጠው ግን ሌላ ወገን ውስጥ ነበር» ማለት ነው። ትናንት በብዙ መስመር የጻፍኩት የሞኖኩሉስና የሙለር ታሪክ በሙሉ በሁለት ጭረት ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። መለያ ወረቀት ላይ ቅንፉን የሚጥል ሰው ብዙ ነው።

ቤት የመጣ ሁሉ የሚጠይቀኝ ግን ስለ ስሙ አይደለም፤ ስለ ሰማያዊው ደም ነው። በአጭሩ፦ ደሙ ኦክስጅን የሚሸከምበት ነገር ብረት ሳይሆን መዳብ ያለበት ነው። ፍሬደሪክ ባንግ በ1956 ደሙ ባክቴሪያ ሲነካው እንደሚረጋ ዘገበ። ከጃክ ሌቪን ጋር ያዳበሩት ምርመራ መርፌና ክትባት ከባክቴሪያ መርዝ ንጹሕ መሆኑን ለማረጋገጥ ይሠራበታል። የእኔ ቅርፊት ደም የለውም፤ አንዷን ጠብታ ፍለጋ የሚመጣ ካለ አይድከም። ሸርጣንም እንዳልሆነ ለጠየቁኝ ነግሬያለሁ። ሬይ ላንኬስተር በ1881 እንዳሳየው የጊንጥና የሸረሪት ወገን ነው።

ሰኞ

ደርቋል። ስፒሎቹን ነቅዬ መገጣጠሚያዎቹን በቀጭን ኮላ አጠናከርኩ። ጀርባውን የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ቀባሁት። ዓይኖቹን ግን ዘለልኳቸው፤ ቫርኒሽ ከገባባቸው ያ የብርሃን ጨዋታ ይበላሻል።

አተካከሉን ለወጥኩት። ጠፍጣፋ አድርጎ ማስተኛት የተለመደ ነው፣ ነገር ግን እንዲያ ሲሆን ተመልካቹ ጀርባ ብቻ አይቶ ይሄዳል። በአንድ ጎኑ ከፍ አድርጌ በሽቦ አቆምኩት፤ ከሥሩ ጣውላውን በስቼ ትንሽ መብራት አስገባሁ። ሲበራ የቀኙ ዓይን ይፈካል።

ቅርፊቱ ላይ ላሉት አራት ዓይኖች ቀይ ነጥብ፣ ከሥር ለነበሩትና ላልቀሩት ሰማያዊ ነጥብ ለጠፍኩ። ጭራዋ ላይ አንድ ረጅም ሰማያዊ መስመር። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ይኼ ነው፦

ሊሙሉስ ፖሊፌሙስ (ሊኒየስ፣ 1758)
የፈረስ ኮቴ ሸርጣን፤ የወለቀ ቅርፊት፣ ያልጎረመሰ፣ ፆታው ያልተለየ
ደላዌር ባሕረ ሰላጤ
የስሙ ትርጉም፦ በጎሪጥ የሚያየው አንድ ዓይና። ዓይኖቹን ይቁጠሩ።

የመጨረሻዋ መስመር ለመለያ ወረቀት ትንሽ ቀልደኛ ናት፤ ትቆይ ብያለሁ። የጭራዋ መጋጠሚያ ኮላ ገና አልያዘም፣ ሽቦው እስኪደርቅ ይቆያል። ቀጥሎ የመስታወቱን ክዳን ልክ መውሰድ ነው።